ያጠብኩት ባቡር ጣቢያ

ሰው በዕድሜው ብዙ ነገር ያጥባል፤ እጁን፣ ሰሃኑን፣ መኪናውን። እኔ ባቡር ጣቢያ አጥቤያለሁ። ከነጭስ ማውጫው፣ በሰሃን ሳሙና፣ አትላንታ አጠገብ ሊልበርን ባለው ቤቴ ሲንክ ውስጥ። አታምኑኝም፤ አውቃለሁ። ባለቤቴ ዘይነባ በዓይኗ አይታ እንኳ ለማመን ሁለት ቀን ፈጅቶባታል።

እንደ ሌሎቹ ጣጣዎቼ ሁሉ ይህም የጀመረው ከአፌ ነው። እጆቼ ምስኪኖች ናቸው፣ ማንንም አይነኩም። አፌ ነው ሳይጠይቃቸው ቃል እየገባ መከራቸውን የሚያሳያቸው። በዚያን ጊዜ፣ ሞባይል ገና ይታጠፍ በነበረበት ዘመን፣ አትላንታ አየር ማረፊያ ታክሲ እነዳ ነበር፤ ማለትም ጥቂት እነዳለሁ፣ ቀሪውን ቀን ተራ እየጠበቅኩ አወራለሁ። አፌ በቂ ልምምድ ነበረው።

አጥር የሚለየን ጎረቤቴ ሚስተር ዱጋል የሚባሉ ስኮትላንዳዊ ሽማግሌ ነበሩ። ሚስት ቀብረው ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ቀጥ ያሉ፣ ቁጡ ሰው ናቸው። የእሳቸውን እንግሊዝኛ አትላንታ ውስጥ በደንብ የሚሰማ አልነበረም፤ የእኔንም እንደዚያው። ስለዚህ ሁለታችን ስናወራ ቀስ እያልን፣ እየደጋገምን፣ በእጃችን እየታገዝን ስለነበር በመንገዱ ላይ እንደ እኛ የሚግባቡ ጎረቤቶች አልነበሩም።

የሚስተር ዱጋል ምድር ቤት ውስጥ አንድ ሙሉ አገር አለ። ጠረጴዛ ላይ የተሠራ ተራራ፣ ድልድይ፣ በጎች፣ በመካከሉም ሽር የሚሉ ትናንሽ ባቡሮች። ቤቶቹ ከስኮትላንድ በፖስታ ነው የሚመጡት። ስስ እንጨትና ካርቶን በሌዘር ጨረር ተቆርጦ፣ ግድግዳው፣ መስኮቱ፣ የጣሪያው ንጣፍ ሁሉ ጠፍጣፋ እንደሆነ በአንድ ፖስታ ይደርሳል። ኪት ይሉታል። እሳቸው በምላጭ እየፈለቀቁ፣ እያጣበቁ፣ ቀለም እየቀቡ ቤት ያደርጉታል። መጀመሪያ ቀን ሳይ ለልጅ ልጆቻቸው የሚሠሩት መስሎኝ «ልጆቹ መቼ ነው የሚመጡት?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ለአንድ ሳምንት አኮረፉኝ።

ከዚያ ሁሉ ቤት ግን እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚያይዋት አንዲት ጣቢያ ነበረች። ከጫማ ሣጥን ታንሳለች። አባታቸው የባቡር ጣቢያ ሹም ነበሩ፤ ሚስተር ዱጋልም ታላቅ እህታቸውም የተወለዱት እዚያው ጣቢያ ቤት ነው። ኋላ መስመሩ ተዘጋ፣ ቤቱም ፈረሰ። የቀራቸው አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ብቻ ነው። ከዚያ ፎቶ ተነስቶ አንድ ስኮትላንድ ያለ ባለሙያ ኪቷን ቆርጦ ላከላቸው። በጸደይ እዚሁ አትላንታ አጠገብ ማሪዬታ ውስጥ የአሻንጉሊት ባቡር ወዳጆች ትርኢት አለ፤ አሻንጉሊት ማለቴን ሚስተር ዱጋል እንዳይሰሙ አደራ። እዚያ ጣቢያዋን ሊያቀርቡ፣ እህታቸው ኢዞቤልም ከስኮትላንድ ድረስ በርረው መጥተው ሊያዩዋት ነበር። አሮጊቷ ከዚያ በኋላ ሁለተኛ አውሮፕላን አልሳፈርም ብለዋል። ስለዚህ ያለው ዕድል አንድ ነው።

የቀራት ጭስ ማውጫው ነበር። አንድ ቀን ብገባ ሚስተር ዱጋል ያንን ጭስ ማውጫ በወረንጦ ይዘው ከጣሪያው ጋር ይታገላሉ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። አንዴ ሞከሩ፣ ወደቀ። ሁለተኛ ሞከሩ፣ ወደቀ። ወረንጦውን አስቀምጠው እጃቸውን ጠረጴዛው ሥር ሲደብቁት አንጀቴን በሉኝ። አፌም ይህን ጊዜ ጠብቆ ተከፈተ።

«ለእኔ ይስጡኝ። አባቴ ኮምቦልቻ ውስጥ ስመ ጥር አናጢ ነበር» አልኩ።

አባቴ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ምስማር ሲመታ ያየሁት አንዴ ነው፤ ያገኘውም አውራ ጣቱን ነው።

ቢሆንም ጣቢያዋን ቤቴ ወስጄ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ በአራተኛው ቀን ጭስ ማውጫውን ለጠፍኩት። ቀጥ ብሎ ቆመ። ደስ አለኝ፣ ዘይነባን ጠርቼ አሳየኋት፣ ዞሬ ዞሬ አየሁት። ወዲያው ብመልሳት ኖሮ እናንተም ይህን አታነቡም፣ እኔም በሰላም እኖር ነበር።

ግን እስቲ ፍረዱኝ። የሰው ዕቃ እኛ ዘንድ እንዴት እንደሚመለስ ታውቃላችሁ። ጎረቤት በሰሃን አንድ ነገር ቢልክ ሰሃኑ ታጥቦና ተወልውሎ ይመለሳል። መኪና የተዋሰ አሳጥቦ ይመልሳል። አሁን ይህችን ጣቢያ ብርሃን ላይ አውጥቼ ሳያት ለካ ቆሻሻ ውጧታል! ጣሪያዋ በጥላሸት ጠቁሯል። በአንዱ በኩል ግድግዳዋ አረንጓዴ ሻጋታ ይዟል። መስኮቶቿ ላይ አቧራ አለ፤ ከውኃ መውረጃው ቦይ ሥር ዝገት ወርዶ ተዥጎርጉሯል። ብቸኛ ሰው፣ የሚያጸዳለት ያጣ፣ እጁ የደከመ ሽማግሌ። ከእነዚህ እድፎች ጋር ብመልስላቸው ምን ይሉኛል? እህታቸውስ ከሩቅ አገር መጥተው የአባታቸውን ቤት እንዲህ ሆኖ ሊያገኙት ነው?

ሲንኩን ለብ ባለ ውኃ ሞላሁ።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት ያማረ መሰላችሁ! ሰፍነጉ ገና ሲነካት ጥላሸቱ ለቀቀ። ሻጋታው ለቀቀ። ውኃው ጠቆረ፣ እኔም ያን የጠቆረ ውኃ እያየሁ በራሴ ኮራሁ። አረፋውን ሳለቀልቅ ግን አንዱ ግድግዳ በእጄ ላይ ለስለስ አለኝ። ቀጥሎ እንደ ተነከረ ዳቦ ያብጥ ጀመር። በሩ ከግድግዳው ተላቀቀ፣ ጣሪያው መሃሉ ላይ ጎበጠ። ደንግጬ የዘይነባን የፀጉር ማድረቂያ አመጣሁ። ይህም ሌላ ጥበብ ነው። ከወረቀት የተቆረጠው የጣሪያ ንጣፍ በነፋሱ እየተነሳ ወጥ ቤቱን ሞላው። ያ በአራት ቀን የለጠፍኩት ጭስ ማውጫ ብቻ ንቅንቅ አላለም።

ዘይነባ ከሥራ የገባችው ይህን ጊዜ ነው።

«ምንድን ነው የምታደርገው?»

«ጣቢያ እያደረቅኩ ነው።»

ማድረቂያዋን ከእጄ ወሰደች። ቅንድቤ ላይ የተለጠፈ አንድ የጣሪያ ንጣፍ በጥፍሯ አነሳችልኝና አየችው።

«የሚስተር ዱጋል ነው አይደል?»

«አዎ።»

«በል ሂድና ንገራቸው። አሁኑኑ። ሳትነግራቸው እዚህ ቤት እራት የለም።»

የጣቢያዋን ሬሳ በትሪ ላይ አድርጌ፣ ንጹሕ ፎጣ አልብሼ፣ አጥሩን ዞርኩ። ሚስተር ዱጋል በሩን ከፍተው ትሪውን ሲያዩ ምግብ ያመጣሁላቸው መስሏቸው ፈገግ አሉ። ፎጣውን ገለጡ። ፈገግታው እዚያው ቀረ። እኔ ስለ ግድግዳው፣ ስለ ጣሪያው ይቆጡኛል ብዬ ነበር የተዘጋጀሁት።

«ቆሻሻዬ የት ሄደ?» አሉኝ።

«አጠብኩልዎት» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ነው ምን እንደሠራሁ የገባኝ።

ያ ጥላሸት በባለ አንድ ፀጉር ብሩሽ፣ አንድ ክረምት ሙሉ፣ በከሰል ዱቄት የተሠራ ነበር። ሻጋታውም፣ ዝገቱም፣ የመስኮቱ አቧራም። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሳይጀምር የሠሩት የመጨረሻ ሥራ እሱ ነው። «ግድግዳ ማንም ይለጥፋል። ቤታችን የነበረው ጥላሸቱ ነው» አሉ፤ አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እሺ ብዬ እገባ ነበር።

ትሪውን ይዤ ልመለስ ስል «ቁም» አሉኝ። ወደ ምድር ቤት ወርደው አንድ ጠፍጣፋ ፖስታ ይዘው ወጡ። ኪቱን ሲያዙ ምናልባት ብለው ሁለት አድርገው ኖሯል ያዘዙት።

«ሦስት ሳምንት አለህ» አሉና ፖስታውን ደረቴ ላይ ለጠፉት። «አባትህ አናጢ ነበር አላልከኝም?»

ዘይነባ ሙጫውም ቀለሙም ቤቷ እንዳይደርስ ወሰነች። ስለዚህ የስኮትላንድ ባቡር ጣቢያ የተሠራው ኢስት ፖይንት አጠገብ፣ የአየር ማረፊያ ታክሲዎች ተራ የሚጠብቁበት ሰፊ ግቢ ውስጥ፣ በመኪናዬ ኮፈን ላይ ነው። እኛ ሎት እንለዋለን። እዚያ ግቢ ውስጥ የወሎ ሰው አለ፣ የአዲስ አበባ ሰው አለ፣ ሥራ የፈታ አፍና እጅ ደግሞ ሞልቷል። ፖስታውን ገና ስከፍት ተከበብኩ።

«ብራዘር፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ መስፍን፤ አገር ቤት ማዘጋጃ ቤት ይሠራ የነበረ ነጂ ነው።

«የስኮትላንድ ጣቢያ ነው።»

«ዋት ፎር?»

«አጥቤባቸው።»

መስፍን ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ታክሲ የሚነዳ ሰው ብዙ ነገር ስለሚሰማ አልገረመውም። «እና የግንባታ ፐርሚት አለው?» አለ።

ከሁሉም የባሱት ግን ሐጂ ሰይድ ናቸው። የሎቱ ታላቅ እሳቸው ናቸው፤ ተራ ሲያጣላን የሚዳኙንም፣ ስንሰግድ የሚያሰግዱንም እሳቸው። አንዴ በወጣትነታቸው ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ በባቡር ሄደዋል። በዚህ ምክንያት ስለ ባቡር ለእሳቸው የሚነገር ነገር የለም።

«ይሄ ግድግዳ ጫፉ ለምን ደረጃ ሠራ? ማን ሊወጣበት ነው?» አሉኝ።

«ሐጂ፣ ስኮትላንድ ውስጥ ቤት እንዲህ ነው የሚሠራው። የፎቶውን ኮፒ ይዩት።»

ፎቶውን አርቀው አዩት፣ አቅርበው አዩት። «ፎቶ ያነሳው ሰው ተሳስቷል» ብለው መለሱልኝ።

የሆነ ሆኖ ሥራው ቀጠለ። አንዱ ምላጭ ይዛል፣ አንዱ ግድግዳ ይደግፋል፣ ሌሎቹ ያዛሉ። መከራው ተራው ነው። ሙጫው ሊደርቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ከኋላ «ላይኑ ሙቭ አደረገ!» ይባላል። ያልተንቀሳቀሰ ተራውን ያጣል። አንድ ቀን ጣቢያዋ ኮፈኑ ላይ እንዳለች ሞተር አስነሳሁ። ልክ እንደ ሙሽራ መኪና ቀስ ብዬ ስነዳ መስፍን የጎኑን ግድግዳ በሁለት ጣቱ እንደያዘ ከጎኔ ይሮጣል። የእሱ መኪና ሾፌር አጥታ መንገድ ዘግታለች፣ ከኋላው ያለው ሁሉ ጥሩምባውን ይነፋል። «ፓርክ አድርግ! ፓርክ አድርግ፣ ጣቴ ተጣብቋል!» ይላል መስፍን። እውነቱን ነበር። ጣቱን በሞቀ ውኃ ነው ያላቀቅነው፤ እኔ ከጣቢያ አጠገብ ውኃ ሳይ አሥር እርምጃ ሸሸሁ።

ማታ ማታ ወደ ቤት ስገባ ሚስተር ዱጋል ማጉያ መስታወታቸውን ይዘው በረንዳቸው ላይ ይጠብቁኛል። ምሕረት አያውቁም። የውኃ መውረጃውን ቦይ ሁለት ጊዜ አስነቀሉኝ፣ አንድ ፀጉር ያህል ወደ ግራ ሄዷል ብለው። አንድ ቀን የበሩ ቀለም በፎቶው ላይ ካለው ፈካ ብሏል አሉኝ። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው። ቢሆንም ቀየርኩት፣ ምን አደርጋለሁ።

ቆሞ ሲያልቅ ደግሞ ዋናው ፈተና መጣ፤ ያጠብኩትን ቆሻሻ መመለስ። ሚስተር ዱጋል ቁጭ አድርገው አስተማሩኝ። ጥላሸት ከጭስ ማውጫው ወጥቶ ዝናብ ወደሚያወርደው ነው የሚሄደው፤ ሻጋታ ፀሐይ በማያገኘው በኩል ነው የሚበቅለው። ይህን ሎት ሄጄ ሳስረዳ መስፍን ሳቀ። «ጥላሸት? ዩ ኖው፣ በጥላሸት ከእኛ በላይ ማን አለ?» አለና ጎንበስ ብሎ የመኪናውን ጎማ ቸርኬ በጣቱ ጠረገ። የፍሬን አቧራ፣ እንደ ኩል የላመ፣ ጥቁር! ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው። እያንዳንዱ ሾፌር ከየጎማው ጠርጎ በቢል ወረቀት ላይ ይዞልኝ መጣ። አንዱ ከጭስ ቱቦው አመጣ። ሐጂ ሰይድ ብቻ የግቢውን ቀይ አፈር ካልነሰነስን ብለው ደጃፉን አቀሉት። ሚስተር ዱጋል አይተው «እዚያ አገር ቀይ አፈር የለም» ስላሉ በጥርስ ብሩሽ ጠርጌ ጨረስኩት።

ትርኢቱ አምስት ቀን ሲቀረው ጣሪያውን ለመጨረሻ ጊዜ ቀለም ቀብቼ ኮፈኑ ላይ ላደርቀው ተውኩትና ልሰግድ ሄድኩ። አትላንታ በጸደይ ምን እንደምትሆን የሚያውቅ ያውቃል። ጥዱ ሁሉ ቢጫ ዱቄት ይረጫል፤ መኪናው፣ መንገዱ፣ አፍንጫችን ሳይቀር ቢጫ ይሆናል። ስመለስ እርጥቡ ጣሪያ በዚያ ዱቄት ተጀቡኗል። ልጠርገው ብል ቀለሙ ይዞት ደርቋል። ሐጂ «ኸይር ነው» አሉኝ፤ እኔ ግን ማልቀስ ነው የቀረኝ። የዚያን ዕለት ማታ አንገቴን ደፍቼ አቀረብኩላቸው። ሚስተር ዱጋል ማጉያቸውን ጣሪያው ላይ አድርገው ከዳር እስከ ዳር አዩት። እንደገና ፖስታ ሊያመጡ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

«የጣሪያ ድንጋይ ሲያረጅ የሚያወጣውን ይህን ቢጫ ነገር እኔ ሃያ ዓመት ሞክሬ አልቻልኩም። እንዴት አደረግከው?» አሉኝ።

«ሶላት ላይ ነበርኩ» አልኳቸው። እውነትም ሌላ የሠራሁት የለም።

ቅዳሜ ማሪዬታ ሄድን። እኔና ዘይነባ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ መስፍን፣ ሐጂ ሰይድና ሌሎች ሁለት ሾፌሮች የቅዳሜ ሥራቸውን ትተው፣ ኮት ለብሰው፣ አዳራሹ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። «የእኛ ጣቢያ የት ናት?» አሉኝ። በተርታ ከጠረጴዛዋ ፊት ቆሙ። እህትየዋ ኢዞቤል በወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ከወንድማቸው የባሱ ቀጥ ያሉ አሮጊት ናቸው። የላይኛዋን ትንሽ መስኮት፣ የልጅነት መኝታ ቤታቸውን፣ ትክ ብለው እያዩ እንባቸው ይወርዳል። ሚስተር ዱጋል የሚንቀጠቀጠውን እጃቸውን የእህታቸው ትከሻ ላይ አሳርፈው ቆመዋል። እኔም ቀና ብዬ ማየት የቻልኩት ያን ጊዜ ነው።

ትርኢቱ ውድድርም አለው፤ ለእውነተኛው ቤት ከሁሉ የቀረበውን ነው የሚሸልመው። ዳኛው ረጅም ቀጭን ሰው ነው፤ ፎቶውን በአንድ እጁ፣ ማጉያውን በሌላው ይዞ ይቆጥራል። መስኮት ቆጠረ፣ ልክ ነው። የግድግዳውን ደረጃዎች ቆጠረ፣ ልክ ነው። ጣሪያውን ሲያይ «ኦህ» አለ። ማጉያው ወደ በሩ ወረደና ቆመ።

«ይህ ምንድን ነው?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከበሩ አጠገብ፣ ከሩዝ ፍሬ የምታንስ፣ ከማስቲካ ብርማ ወረቀት የተጠቀለለች ነገር ተቀምጣለች። እጀታ አላት፣ አፍንጫም አላት። አረንጓዴ ተቀብታለች። የውዱእ ማንቆርቆሪያ ናት።

ወደ ሐጂ ሰይድ ዞርኩ። ሐጂ የአዳራሹን ጣሪያ ይመረምራሉ።

«ሐጂ፣ እርስዎ ነዎት?» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«ጣቢያ አይደል እንዴ? መንገደኛ በምን ታጥቦ ይስገድ?» አሉኝ።

ለአንድ ፀጉር ሁለት ጊዜ ቦይ ያስነቀሉኝ ሰው፣ በእህታቸው ፊት፣ በአባታቸው ደጃፍ ላይ የማያውቁት ዕቃ! ሚስተር ዱጋል የራሳቸውን ማጉያ አውጥተው አጎነበሱ። አንገታቸው ሲቀላ አየሁ። ቀና ብለው ሐጂን አዩዋቸው። ሐጂም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ባለቤቱን እንደሚያከብር እንግዳ፣ ጎንበስ አሉላቸው።

«ማንቆርቆሪያ ነው» አሉ ሚስተር ዱጋል ለዳኛው።

«ፎቶው ላይ የለም።»

«ፎቶ አንሺው አስነስቶት ነው።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እዚያ ቤት የተወለድኩት እኔ ነኝ ወይስ አንተ?»

ዳኛው እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አንስቶ አመነታ፤ ከዚያ ታላቂቱ ይሻላሉ ብሎ መሰለኝ ወደ ኢዞቤል ዞረ። እኔ በልቤ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ ጨረስኩ። እሳቸው ዓይናቸውን በመሐረብ ጠርገው ወደ ጣቢያዋ ጠጋ አሉ። ማንቆርቆሪያዋን ብዙ አዩዋት። ቀጥለው ወንድማቸውን አዩ። ቀጥለው ኮት ለብሰን በተርታ የቆምነውን እኛን፣ ጎማ የጠረገው ጣታችን ገና እንደጠቆረ፣ አንድ በአንድ አዩን።

«አዎ፣ እዚያው ነበር» አሉ። «ያፈስ ነበር እንጂ።»